የወንድሜ ስተዲ ፐርሚት ታኅሣሥ 22 ያልቃል፣ እናቴ ደግሞ ለገና ይምጣልኝ ትላለች

የቱሉ ዲምቷ
ጥቅምት 14፣ 2018

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን ግማሹን ብቻ ብጽፍ አይገባችሁም።

ታናሽ ወንድሜ ካናዳ፣ ዊኒፔግ ነው የሚማረው። ስተዲ ፐርሚቱ፣ ማለትም የመማሪያ ፈቃዱ፣ የሚያበቃው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 31፣ 2025 ነው። በእኛ ታኅሣሥ 22 መሆኑ ነው። ትምህርቱ ግን ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል። አምና አባታችን ሲያርፍ ልጁ ፈተና ላይ ነበር። ለቀብር አልደረሰም። ከዚያ በኋላ ማጥናት አቃተው። ሁለት ኮርስ ጣለ፣ ከጓደኞቹ ወደኋላ ቀረ።

እናታችን እኔ ጋ ናት፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም። ልጇን ካየችው ሦስት ዓመት አለፋት። «ለገና ይምጣልኝ፣ አንድ ቀን እንኳ አብረን እናልቅስ» ትላለች። የእሱም ልብ እዚህ ነው። ትምህርት ቤታቸው በዲሴምበር አጋማሽ ይዘጋል፣ በጃንዋሪ ይከፈታል። ትኬት እያየ ነው። ስለ ፐርሚቱ ስጠይቀው «መጥቼ ከአዲስ አበባ አሳድሰዋለሁ» ይለኛል። እኔን ግን ሆዴ እሺ አላለኝም።

ሌላው ጭንቀት ገንዘቡ ነው። እኔ ትንሽ የግንባታ ዕቃ መሸጫ አለችኝ፣ እናቴ የአባቴ ጡረታ አላት። ያለን ይኸው ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የምንልክለት ሁሉ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኖብናል። አጎታችን «አንድ ሚሊዮን ብር ሒሳብሽ ውስጥ ላስገባልሽ፣ የባንኩን ወረቀት ካወጣሽ በኋላ ትመልሽልኛለሽ» ብሎኛል። ከፍቅር ነው። ቃሊቲ አካባቢ ያለ አንድ ኤጀንት ደግሞ «ሁሉንም እኔ እጨርሳለሁ» ብሎ 60 ሺህ ብር ጠይቆኛል።

በዚህ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።


ጀሞ 3
ጥቅምት 14

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። እኔ ብሆን ይምጣ ነው የምለው። የእናት ሐዘን ቀላል አይደለም። ቪዛ እዚህም ይታደሳል፣ ኤምባሲው ኦልድ ኤርፖርት ነው። የሰፈራችን ልጅ ባለፈው ክረምት መጥቶ ተመልሷል፣ ምንም አልሆነም።


ክረምት በዊኒፔግ
ጥቅምት 15

ነፍስ ይማር እህቴ። እኔም እዚሁ ዊኒፔግ ነኝ፣ ፐርሚቴን ሁለት ጊዜ አራዝሜያለሁ። ጀሞ 3፣ ከልብህ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ይህ ምክር ልጁን አንድ ዓመት ሊያስከፍለው ይችላል። የሰፈርህ ልጅ ፐርሚቱ ሳያልቅ ሄዶ፣ ሳያልቅ የተመለሰ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚያምታታው ይህን ነው። ቪዛና ፐርሚት ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። ቪዛው ፓስፖርት ላይ የሚለጠፈው ነው፣ የካናዳን በር የሚያስገባሽ እሱ ነው። ፐርሚቱ ለብቻው ያለ ወረቀት ነው፣ ከገባሽ በኋላ የሚያስተምርሽ። ካናዳ ውስጥ እስካለሽ ድረስ ቪዛው ቢያልቅ ግድ የለም። ፐርሚቱ ሲያልቅ ግን ትምህርቱም ይቆማል። ማራዘም የሚባለው ደግሞ ካናዳ ውስጥ ላለ ሰው ብቻ ነው። ወንድምሽ አዲስ አበባ እያለ ፐርሚቱ ካለቀበት የሚያራዝመው ነገር የለም። እንደ አዲስ ተማሪ ከዜሮ ያመለክታል፣ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

«አመልክቶ ቢመጣስ?» ትይ ይሆናል። እኔም ያኔ ጠይቄያለሁ። ቀኑ ሳያልፍ ያመለከተ ተማሪ መልሱ እስኪመጣ በድሮው ፐርሚት መማሩን ይቀጥላል። ሜንቴይንድ ስታተስ ይሉታል። ከካናዳ ከወጣ ግን ይህን ያጣዋል። ሲመለስ ማራዘሚያው እስኪፈቀድለት ድረስ ክፍል መግባት አይችልም። ያውም መመለስ ከቻለ ነው፣ ምክንያቱም ለመመለስ የሚሠራ ቪዛ ያስፈልገዋል። የተማሪ ቪዛ ብዙውን ጊዜ ከፐርሚቱ ጋር አብሮ ነው የሚያልቀው። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ቀን እዩት።

ገና ጃንዋሪ 7 ነው። ፐርሚቱ በሳምንት ቀድሞት ያልቃል። ልጁ ከእናቱ ጋር ዶሮውን በልቶ ሲጨርስ ወረቀት የለውም።

አሁን ማድረግ ያለበት ይህ ነው። ማመልከቻው በኢንተርኔት ብቻ ነው፣ ቅጹ አይኤምኤም 5709 ይባላል። ክፍያው 150 የካናዳ ዶላር ነው። አሻራ ከሰጠ አሥር ዓመት ካልሞላው እንደገና አይሰጥም፣ ያ 85 ዶላር ያድንለታል። ፐርሚቱ ሊያልቅ ቢያንስ 30 ቀን ሲቀረው አመልክቱ ነው የሚሉት። እኔ ግን ቀደም ይበል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም እናንተ እዚያ የምታወጡት ወረቀት ነው ጊዜ የሚበላው። ትምህርት ቤቱ ተመዝጋቢ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤና የውጤት ወረቀት ይሰጠዋል። ሁለቱ ኮርሶች ለምን እንደተጣሉ በራሱ አንደበት አንድ ገጽ ይጻፍ፣ የአባታችሁን የሞት ምስክር ወረቀት አስተርጉሞ ያያይዝ። እንዳይደብቀው። ውጤቱ ላይ መታየቱ አይቀርም፣ ሰበቡ ግን ከእሱ ሌላ የሚነግርለት የለም።

ኤጀንቱን ተዪው። የካናዳ ሕግ በክፍያ እንዲወክሉ የሚፈቅደው እንደ ጠበቆችና ፈቃድ ያላቸው የኢሚግሬሽን አማካሪዎች ላሉ ባለሙያዎች ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያለው የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ደግሞ በነጻ ያየዋል። ነገ ጠዋት ሄዶ ቀጠሮ ይያዝ።


አያት ጣፎ
ጥቅምት 15

ስለ አጎትሽ ብር ልንገርሽ። በእኛ ቤት የደረሰ ነው።

የእህቴ ልጅ ሲያመለክት ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ ተበዳድሮ የእህቴን ሒሳብ ሞላ። ሦስት ወር ሙሉ 40 ሺህ የማያልፍ ሒሳብ በአንድ ሐሙስ ቀን ሚሊዮን ሆነ። ወረቀቱ ወጣ፣ ብሩ በሳምንቱ ተመለሰ። መልሱ ሲመጣ ውድቅ ነበር። የገንዘቡ ምንጭ አላሳመነንም የሚል ነው። እንዴት ያሳምናቸው? የአራት ወር የባንክ እንቅስቃሴ ነው የሚያዩት። ያቺ አንዲት መስመር ከሩቅ ትጮሃለች።

ያንቺ ወንድም ደግሞ የባሰ የሚያጣው ነገር አለ። ሐሰተኛ መረጃ ሰጥቷል ከተባለ ለአምስት ዓመት ካናዳ መግባት ይከለከላል። አጎትሽን አመስግኚውና ብሩን ይያዝ። በእውነት መርዳት ከፈለገ የሰሚስተሩን ክፍያ በከፊል ይክፈል፣ ደረሰኙ ይያያዝ። ያ እውነተኛ ገንዘብ ነው።


የቱሉ ዲምቷ
ጥቅምት 16

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ትናንት ማታ ክረምት በዊኒፔግ የጻፈውን ለወንድሜ አነበብኩለት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «እኔ ቪዛና ፐርሚቱ አንድ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ቪዛውን አየው፣ እሱም ዲሴምበር 31 ነው።

ለእማዬ እስካሁን አልነገርኳትም።

አያት ጣፎ፣ እንደተጻፈው አጎቴን ነገርኩት። መጀመሪያ ቅር አለው። የእህትሽን ልጅ ታሪክ ስነግረው ግን «እንዲያ ከሆነማ ክፍያውን ልክፈል» አለ። ተመስገን።

ምን ያህል ገንዘብ ነው ማሳየት ያለብን? አንዱ 10 ሺህ ዶላር ይለኛል፣ ሌላው 20 ሺህ።


ክረምት በዊኒፔግ
ጥቅምት 16

ሁለቱም የድሮ ነው። 10 ሺህ የነበረው እስከ 2023 መጨረሻ ነው። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ 20,635 ሆነ። ከሴፕቴምበር 1፣ 2025 ወዲህ ደግሞ 22,895 የካናዳ ዶላር ነው። ይህ ከኩቤክ ውጪ ለሚኖር ብቸኛ ተማሪ የአንድ ዓመት ኑሮ ነው። የትምህርት ክፍያው ከዚህ ተለይቶ ነው የሚታሰበው። በብር ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነው፣ አውቃለሁ ይከብዳል። ግን ሁሉም ከአንቺ ሒሳብ መውጣት የለበትም። እሱ እዚህ ባንክ ያለው፣ የተከፈለ የትምህርት ክፍያ፣ የተከፈለ የቤት ኪራይ፣ ያንቺ ሒሳብ፣ ሁሉም አብሮ ይቆጠራል። የሚረዳው ሰው «እረዳዋለሁ» የሚል ደብዳቤም ይጽፋል።

ይሠራል? ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት ከግቢ ውጪ በሳምንት ከ24 ሰዓት እንዳያልፍ። ደመወዝ የገባበትን የባንክ ወረቀት ሲያያይዝ ሰዓቱ ከዚያ ይቆጠራል።


የቱሉ ዲምቷ
ጥቅምት 17

ይሠራል፣ ሱቅ ውስጥ፣ 20 ሰዓት። ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ክፍያ ስለከበደው ሌላ ከተማ ወዳለ ርካሽ ኮሌጅ ልዛወር ይላል። ከዚህ ጋር አብሮ ቢያደርገው?


ክረምት በዊኒፔግ
ጥቅምት 17

አይነካካው! ከኖቬምበር 8፣ 2024 ወዲህ ትምህርት ቤት መቀየር በራሱ አዲስ ፐርሚት ይጠይቃል። እዚያው ትምህርት ቤት፣ እዚያው ደረጃ የሚቀጥል ተማሪ ሲያራዝም የክፍለ ሀገሩ የማረጋገጫ ደብዳቤ አይጠየቅም። ከቀየረ ሊጠየቅ ይችላል። አንድ ዓመት ነው የቀረው፣ ባለበት ይጨርስ።


የሱሉልታ መምህር
ጥቅምት 18

ልጄ፣ እግዜር ያጽናችሁ። ሁሉም ደህና አድርገው መክረውሻል። አንድ ነገር ግን ማንም አልጠየቀሽም። የፓስፖርቱ ማብቂያ ቀን መቼ ነው?

ይህን የምጠይቅሽ ሴት ልጄ ኦንታሪዮ ስትማር የገጠማት ስለሆነ ነው። ትምህርቷ ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር። ማራዘሚያው ሲመጣ የሰባት ወር ብቻ ሆነ። እኛ በደል መስሎን ስንት ቀን አዝነናል። ኋላ ስናየው ፐርሚት ከፓስፖርት ማብቂያ ቀን አያልፍም። ፓስፖርቷ ሰባት ወር ነበር የቀረው። ያንን ብናውቅ ኖሮ ቀድመን እናሳድስ ነበር።


የቱሉ ዲምቷ
ጥቅምት 18

ጋሼ፣ እንዴት እንደማመሰግንዎ አላውቅም። አሁኑኑ ፎቶውን ልኮልኝ አየሁት። ጁላይ 14፣ 2026 ይላል። በእኛ ሐምሌ 7 ነው። እሱ እንኳ ልብ አላለውም።

እና አሁን ምን እናድርግ? መጀመሪያ ፓስፖርቱን ያሳድስ ወይስ ያመልክት?


የሱሉልታ መምህር
ጥቅምት 19

ልጄ፣ የሚያድሰው ኦታዋ ባለው ኤምባሲያችን በኩል ነው። ፓስፖርቱ በፖስታ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ከታኅሣሥ 22 በፊት ስለመድረሱ ማንም ማረጋገጫ አይሰጥሽም። እኔ ብሆን ባለው ፓስፖርት አሁን አስመለክተው ነበር። አጭር ፐርሚት ይመጣል፣ ይምጣ። ከዚያ ረጋ ብሎ ፓስፖርቱን ያድሳል፣ እንደገና ያራዝማል። ሌላ 150 ዶላር ይወጣል። ያ ቀን ካመለጠው ግን በ150 ዶላር አይመለስም።


የገላን ልጅ
ጥቅምት 19

ይቅርታ በመሃል ልግባ። ያ ቀን ያለፈበት ሰውስ ምን ያደርጋል? የጓደኛዬ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ትናንት ነው የነገረኝ፣ አፍሮ ዝም ብሎ ክፍል እየገባ ነው።


ክረምት በዊኒፔግ
ጥቅምት 19

ዛሬውኑ ክፍል መግባትም ሥራ መግባትም ያቁም። ካለፈበት ቀን ጀምሮ 90 ቀን አለው፣ ሪስቶሬሽን የሚባል፣ ያለፈበትን ፈቃድ የማስመለሻ ማመልከቻ ያስገባል። ከማራዘሚያው ላይ ተጨማሪ ክፍያ አለው፣ መልስ እስኪመጣ አይማርም፣ አይሠራም፣ መፈቀዱም እርግጥ አይደለም። ቢሆንም መንገድ ነው። ሁለት ሳምንት ነው ያለፈው፣ ገና ጊዜ አለው። ለትምህርት ቤቱ ቢሮ ሄዶ ይንገራቸው። ማፈሩ ይገባኛል። እባክህ አንተ ራስህ ይዘኸው ሂድ።


የቱሉ ዲምቷ
ጥቅምት 28

ይዘገይብኛል ያልኩት ወረቀት ሁሉ ዘገየ። የተማርኩትን ልጻፍ፣ ሌላውን ይጠቅም ይሆናል።

ሱቅ ዘግቼ ባንክ ሄድኩ። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎ ተሰጠኝ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሳየው ቀኑ 20/02/2018 ይላል። ለእኛ ጥቅምት 20 ነው። ካናዳ ያለ ሰው ግን ሲያየው የሰባት ዓመት ደብዳቤ ነው። የእንቅስቃሴው ወረቀት በፈረንጅ ቀን ነው፣ ደብዳቤው በእኛ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ የሰባት ዓመት ልዩነት አላቸው። ከሳሪስ ወርጄ ተመለስኩ። ልጅቷ መጀመሪያ «ሁሌም እንዲህ ነው የምንሰጠው» አለችኝ። አስረዳኋት፣ ገባት፣ ቀይራ ሰጠችኝ። በዚያው ስሜን አየሁ። ፓስፖርቴ ላይ በሁለት ኤስ ነው የተጻፈው፣ ባንኩ ጋ በአንድ። እሱንም አስተካከልን።

ሁለተኛው የእማዬ ነገር ነው። ጡረታዋ የሚገባበት ሒሳብ በእሷ ስም ነው። የእሷ ስም ከልጇ ስም ጋር ምንም አይገናኝም። እኛ አባት ነው የምንጠራው፣ ሴት ስታገባም ስሟን አትቀይርም። ይህ ለፈረንጅ ግልጽ አይደለም። ስለዚህ የወንድሜን የልደት ምስክር ወረቀት ከወረዳው ወሳኝ ኩነት አወጣሁ፣ የእናቱ ስም እዚያ ላይ አለ። ወንድሜም በደብዳቤው ውስጥ ስለ ስም አጠራራችን ሦስት መስመር ጻፈ።

የሞት ምስክር ወረቀቱን ሳስተረጉም ግን አለቀስኩ። ኮፒ ቤት ውስጥ ቆሜ። የአባቴ ስም በእንግሊዝኛ ተጽፎ ከማሽኑ ሲወጣ ሌላ ሰው መሰለኝ። ባለ ኮፒ ቤቱ ልጅ ወንበር ሰጠኝ፣ ሒሳብም አልተቀበለኝም።


አያት ጣፎ
ጥቅምት 28

አይዞሽ እህቴ። የቀኑን ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ጥሩ አድርገሽ ጻፍሽው። እማማስ? ነገርሻቸው?


የቱሉ ዲምቷ
ኅዳር 2

ነገርኳት። ለብቻዬ አልቻልኩም፣ ወንድሜን በስልክ አስገብቼ ነው። እሱ ነው የነገራት። «እማዬ፣ አሁን ከመጣሁ አልመለስም፣ አባዬ የደከመበት ሁሉ ይቀራል» አላት። ዝም አለች። ነጠላዋን አጣፋች፣ ፈታች። ከዚያ «እና ወረቀቱ ሲመጣስ?» አለችው። «ፓስፖርቴን አድሼ፣ ደግሜ አራዝሜ፣ ቪዛ አውጥቼ» አላት። «እሱን በደንብ ቁጠርልኝ» አለች። ቆጠረላት። ሦስቱንም ቅደም ተከተሉን ይዛዋለች አሁን፣ ጎረቤት ሲመጣ እሷ ናት የምታስረዳው።


የቱሉ ዲምቷ
ኅዳር 9

ገባ! እሱ ጋ ማታ 3 ሰዓት፣ እኛ ጋ ንጋት 12 ሰዓት ነበር። ሌሊቱን መብራት ስላልነበረ የመጨረሻውን ፋይል የላክሁለት በሞባይል ዳታ ነው፣ በረንዳ ላይ ቆሜ፣ 9 በመቶ ባትሪ ይዤ። ክፍያው ሄደ፣ መቀበያው ወረቀት መጣ። 43 ቀን ቀድመን ነው።

ክረምት በዊኒፔግ፣ የመቀበያውን ወረቀት ለትምህርት ቤቱም ለአሠሪውም ሰጥቷል።


ክረምት በዊኒፔግ
ኅዳር 9

እልል! አሁን መልሱ እስኪመጣ ከሀገር አይውጣ፣ ትምህርቱንም አያቋርጥ። ፐርሚቱ ሲመጣ ለሥራ የሚጠየቀውን ሲን ቁጥሩን ማደስ አይርሳ፣ እሱም ከፐርሚቱ ጋር ነው የሚያልቀው። ለገና እኛ ጋ ይምጣ። አምስት ኢትዮጵያውያን ነን፣ ዶሮ እንሠራለን። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።


የቱሉ ዲምቷ
የካቲት 4፣ 2018

ፐርሚቱ መጣ። የሱሉልታው ጋሼ እንዳሉት እስከ ጁላይ 14፣ 2026 ብቻ ነው። ሳናውቀው ቢመጣ ኖሮ ቤታችን ሐዘን ይሆን ነበር፣ አሁን ግን እማዬ እንኳ «የፓስፖርቱ ቀን ነው» አለች። ፓስፖርቱ ትናንት ወደ ኦታዋ ተልኳል። ሁለተኛውን ማራዘሚያ ግንቦት ላይ እናስገባለን፣ የእኔን የባንክ ወረቀት ሚያዝያ መጨረሻ አወጣለሁ።

ገናን ክረምት በዊኒፔግ ቤት ነበር ያሳለፈው። እማዬ ሰው አግኝታ በርበሬ ልካ ነበር፣ በእሷ በርበሬ ነው የሠሩት።


ኮዬ ፈጬ 12
የካቲት 6

ሁሉንም አነበብኩ። የእኔ እህት ሃሊፋክስ ናት፣ ፐርሚቷ ኤፕሪል መጨረሻ ያልቃል። ለፋሲካ መምጣት ትፈልጋለች። ገና ብዙ ጊዜ አለን አይደል?


የቱሉ ዲምቷ
የካቲት 6

የለሽም እህቴ። ፋሲካ ዘንድሮ ሚያዝያ 4 ነው። ትኬት እንዳትቆርጪ በያት። ፓስፖርቷን አሁን ፎቶ አንስታ ትላክልሽና ቀኑን ጻፊልኝ። ነገ ከሰዓት ሱቅ ነኝ፣ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አጠገብ፣ ለአንቺ ቅርብ ነው። የባንኩን ደብዳቤ ናሙና እሰጥሻለሁ።